የፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ የምርምር ሕይወት፦ በግኝትና በማስረጃ መካከል ያለው ርቀት

መግቢያ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ ቂሊንጦ በተባለው አካባቢ ለመድኃኒት ፋብሪካዎች የተከለለ የኢንዱስትሪ ፓርክ ይገኛል። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም በዚሁ ክፍለ ከተማ ነው። ፋብሪካና ዩኒቨርሲቲ ጎረቤት መሆናቸው ለሀገሪቱ የመድኃኒት ዘርፍ መልካም አጋጣሚ ነው። ነገር ግን አንድ ግኝት ከተመራማሪው ጠረጴዛ ተነሥቶ ፋብሪካ እስኪደርስ ድረስ ሊያልፍበት የሚገባ ረጅም የፈተና ጎዳና አለ። ደኅንነቱ በእንስሳት ላይ ይፈተሻል፤ ቀጥሎ በጥቂት ሰዎች፣ ከዚያም በብዙ ሰዎች ላይ ይሞከራል፤ በየደረጃው የተገኘው ውጤትም ተቆጣጣሪ አካል በሚቀበለው ሥርዓት ይመዘገባል። በደም ውስጥ የሚገኘውን ኮሌስትሮል የሚቀንሱት፣ ዛሬ በየመድኃኒት ቤቱ የሚሸጡት መድኃኒቶች ይህን ጎዳና ያለፉት በጃፓን፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ነው።

በኢትዮጵያ ምድር የተገኘ አንድ ግኝት ይህን ጎዳና ለማለፍ ሲሞክር ምን እንደሚገጥመው ለመረዳት ከፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ሕይወት የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። እሳቸው ያጠኑት እንዶድ በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት አይደለም፤ የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ የሚገድል የዕፅዋት ውጤት ነው። ይሁን እንጂ ሰዎች በሚጠጡትና በሚታጠቡበት ውኃ ውስጥ የሚጨመር ስለሆነ የሚጠየቀው የደኅንነት ማስረጃ ከመድኃኒት ማስረጃ ጋር ይቀራረባል። ይህ ጽሑፍ የአክሊሉን የምርምር ሕይወት በአጭሩ ይተርካል። የሚያቀርበውም መከራከሪያ አንድ ነው፤ የእንዶድን ዕጣ የወሰነው የግኝቱ ጥራት ብቻ ሳይሆን፣ ግኝቱን በታወቀ ሥርዓት የመፈተን ዐቅም በማን እጅ መሆኑ ጭምር ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ልደትና ትምህርት

አክሊሉ ለማ መስከረም 1928 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ሴፕቴምበር 18 ቀን 1935፣ በጅጅጋ ተወለዱ። የፋሺስት ኢጣልያ ጦር የኢትዮጵያን ድንበር ጥሶ የገባው ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነበር። ስለዚህ የልጅነት ዘመናቸው ከወረራውና ከወረራው ማግሥት ጋር የተያያዘ ነው። ከነጻነት በኋላ ሀገሪቱ ዘመናዊ ትምህርት ቤቶቿን እንደገና ስታቋቁም ካደጉትና ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ ከተላኩት ወጣቶች መካከል አንዱ ሆኑ።

በአሜሪካ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ፣ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተምረዋል። የዶክትሬት ትምህርታቸውንም በሕዝብ ጤና ምርምር ስመ ጥር በሆነው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በ1964 አጠናቀቁ። በዚያው ዓመት ወደ ሀገራቸው ተመልሰው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ማስተማርና መመራመር ጀመሩ። ዕድሜያቸው ገና 30 ዓመት አልሞላም ነበር።

የዘመኑ ችግር፦ ቢልሃርዚያ

አክሊሉ ያተኮሩበት በሽታ በውኃ ዳር የሚኖር ሕዝብ በሽታ ነው። በኢትዮጵያ በብዛት የሚታየው የአንጀት ቢልሃርዚያ ትሎች በአንጀትና በጉበት አካባቢ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ለዓመታት ይኖራሉ። የሚጥሉት እንቁላል ከዓይነ ምድር ጋር ወደ ወንዝ ወይም ወደ ኩሬ ሲገባ ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለው እጭም ባዮምፋላሪያ በተባለው የውኃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይገባል። በቀንድ አውጣው አካል ውስጥ እጅግ ከተባዛ በኋላ እንደገና ወደ ውኃው ይወጣል፤ ውኃው ውስጥ በቆመ፣ በዋኘ ወይም ልብስ በሚያጥብ ሰው ቆዳ ላይ ዘልቆም ወደ ደም ይገባል። በሽታው ሲቆይ ጉበትን ይጎዳል፤ ሕፃናትንም ከዕድገትና ከትምህርት ያስተጓጉላል።

ይህ የሕይወት ዑደት በሦስት ቦታዎች ሊቋረጥ ይችላል። አንደኛው የታመመውን ሰው ማከም፣ ሁለተኛው ዓይነ ምድር ከውኃ ጋር እንዳይገናኝ ማድረግ፣ ሦስተኛው ቀንድ አውጣውን ማጥፋት ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለሕክምና ይሰጡ ከነበሩት መድኃኒቶች መካከል የአንቲሞኒ ውሕዶች የጎንዮሽ ጉዳታቸው ከባድ ነበር። የመጸዳጃ ቤትና የንጹሕ ውኃ ሥራም ብዙ ገንዘብና ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ቀንድ አውጣን ማጥፋት በዘመኑ ሰፊ ተቀባይነት ነበረው። ለዚህ ተግባር የተሠራው ዋናው ኬሚካል በጀርመኑ ባየር ኩባንያ የሚመረተው ኒክሎሳማይድ ሲሆን በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነበር። ለደሃ ሀገር ጥያቄው ኬሚካሉ መሥራት አለመሥራቱ ሳይሆን በየዓመቱ ሊገዛ መቻል አለመቻሉ ነበር።

የአድዋው ምልከታ

በ1964 አክሊሉ የቢልሃርዚያን ሥርጭት ለማጥናት ወደ አድዋ ተጓዙ። በከተማው ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አገኙ። እንዶድ በደጋውና በወይና ደጋው የሚበቅል ተንጠልጣይ ተክል ነው። ፍሬው ደርቆ ተፈጭቶ በውኃ ሲታሸ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል፤ ሸማን ያነጣልና ከፋብሪካ ሳሙና በፊት የኢትዮጵያ ቤቶች የልብስ ማጠቢያ ሆኖ ለዘመናት አገልግሏል። በባህላዊ ሕክምናም ለልዩ ልዩ ደዌዎች፣ እንዲሁም ፅንስ ለማስወረድ ይወሰድ እንደነበር የታወቀ ነው። ይህ የመጨረሻው አጠቃቀም ተክሉ ኀይለኛ እንደሆነ የሚያመለክት ነበር፤ ኋላ ለተነሣው የደኅንነት ጥያቄም አንድ ምክንያት ነው።

ወጣቱ ተመራማሪ ያስተዋሉት ነገር ቀላል ይመስላል። ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ይታዩ ነበር፤ ከዚያ በላይ ባለው የወንዙ ክፍል ግን ቀንድ አውጣዎቹ በሕይወት ነበሩ። አክሊሉ በምልከታው ብቻ አልተወሰኑም። ሕያዋን ቀንድ አውጣዎች ባሉበት ዕቃ ውስጥ ከአጣቢዎቹ የእንዶድ አረፋ እንዲጨመር አደረጉ፤ ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ። ከሳይንሳዊ አሠራር አንጻር ይህ የመጀመሪያው ሙከራ ነው። ወንዙ ራሱ የንጽጽር መስክ ሆነ፤ በዕቃው ውስጥ የተደረገው ደግሞ ምክንያቱን ከሌሎች ምክንያቶች ነጠለ።

እዚህ ላይ ሊታለፍ የማይገባ ነጥብ አለ። የእንዶድን አዘገጃጀት፣ ፍሬው መቼ እንደሚለቀምና እንዴት እንደሚደርቅ የሚያውቁት አጣቢዎቹ ነበሩ። የአክሊሉ ድርሻ ይህን ዕውቀት ከቢልሃርዚያ የሕይወት ዑደት ጋር ማገናኘት ነው። ሁለቱ ዕውቀቶች አንድ ቦታ ላይ ባይገናኙ ኖሮ ግኝቱ አይኖርም ነበር።

ከወንዝ ዳር ወደ ላቦራቶሪ

የመጀመሪያው የምርምር ሪፖርት በ1965 በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ታተመ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1966፣ አክሊሉ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። ይህ ውሳኔያቸው ከግኝቱ ባልተናነሰ ሊታወስ ይገባል። በውጭ የተማረ ተመራማሪ ናሙናውን ወደ ተማረበት ዩኒቨርሲቲ ልኮ ውጤቱን መጠበቅ ይችል ነበር። አክሊሉ ግን ጥያቄው በተነሣበት ሀገር ጥያቄውን የሚመልስ ተቋም እንዲኖር ፈለጉ። በኢንስቲትዩቱ ውስጥ አብረዋቸው ከሠሩት መካከል ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከልዩ ልዩ አካባቢዎች የተሰበሰቡ የእንዶድ ዓይነቶችን አነጻጽረዋል፤ ከእነርሱም ምርታቸውና ቀንድ አውጣ የመግደል ኀይላቸው የላቀውን መርጠዋል። ዓይነት 44 ተብሎ የታወቀው ዝርያ የዚህ ሥራ ውጤት ነው።

የኬሚካላዊ ትንተናው ሥራ በአሜሪካ ከሚገኘው ከስታንፎርድ የምርምር ኢንስቲትዩት ጋር በትብብር ተካሄደ። የእንዶድ ኀይል ሳፖኒን ከተባሉ፣ በውኃ ውስጥ አረፋ ከሚፈጥሩ ውሕዶች እንደሚመነጭ ተረጋገጠ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከተለዩት ሳፖኒኖች አንዱ በአክሊሉ አባት ስም መነሻነት ለማቶክሲን ተባለ። ኋላ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ አንድ አስደናቂ ነገር አሳዩ። በፍሬው ውስጥ ሳፖኒኖቹ በአብዛኛው ቀንድ አውጣን በማይገድል መልክ ይገኛሉ። ፍሬው ተፈጭቶ ከውኃ ጋር ሲቀላቀል ግን በፍሬው ውስጥ ያለ ኢንዛይም አንዱን የስኳር ሰንሰለት ይቆርጥና ወደ ገዳይ መልካቸው ይለውጣቸዋል። በሌላ አነጋገር ከአልኮልና ከውድ ማሟሟቻ ይልቅ ተራ ውኃ ይበቃል፤ አጣቢዎቹ ይከተሉት የነበረው አሠራርም በኬሚስትሪ ሚዛን ትክክለኛ ነበር።

የአድዋው የመስክ ሙከራ

ከ1969 እስከ 1974 ድረስ፣ ለአምስት ዓመታት፣ በአድዋ ሰፊ የመስክ ሙከራ ተካሄደ። የተፈጨ እንዶድ በከተማው ወንዞች ውስጥ በየጊዜው እየተጨመረ የቀንድ አውጣው ብዛትና በነዋሪው ላይ የሚታየው የበሽታ ሥርጭት ተለካ። በሙከራው መጀመሪያ ከተመረመሩት ሰዎች 63 በመቶ የሚሆኑት በሽታው ተገኝቶባቸው ነበር፤ በመጨረሻው ወደ 33 በመቶ ዝቅ አለ። ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ባሉት ሕፃናት ዘንድ ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ።

ሁለቱን አኀዞች በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። ቀንድ አውጣን ማጥፋት የታመመን ሰው አያድንም፤ አዲስ መያዝን ብቻ ይከላከላል። በአዋቂዎች ደም ውስጥ ያሉት ትሎች ለዓመታት ስለሚኖሩ በአጠቃላዩ ሕዝብ ዘንድ የሚታየው ለውጥ አዝጋሚ መሆኑ አይቀርም። በሙከራው ዘመን የተወለዱ ሕፃናት ግን የቆየ በሽታ የላቸውም፤ ስለዚህ በእነርሱ ላይ የታየው ለውጥ የመተላለፉን መጠን በቀጥታ ይለካል። የአድዋው ሙከራ ዋና ማስረጃ ከ63 ወደ 33 መውረዱ ሳይሆን ከ50 ወደ 7 መውረዱ ነው። በሌላ ወገን ማስረጃው የአንድ ከተማ ማስረጃ ነበር። በሌሎች ወንዞች፣ በሌላ የአየር ጠባይና በሌላ የሕዝብ አኗኗር ውስጥ እንደገና መፈተን ነበረበት። ለዚያ ደግሞ ዓለም አቀፍ ድጋፍ አስፈላጊ ነበር።

የደኅንነት ጥያቄ

አክሊሉ ውጤታቸውን ይዘው ወደ ዓለም አቀፍ የጤና ተቋማት ሲቀርቡ የገጠማቸው ጥያቄ የእንዶድን ኀይል የሚመለከት አልነበረም። ጥያቄው በሰውና በአካባቢ ላይ ጉዳት እንደማያደርስ በምን ይታወቃል የሚል ነበር። በኢትዮጵያና በአጋር ላቦራቶሪዎች የተደረጉ የመርዛማነት ፍተሻዎች ነበሩ፤ ሆኖም መልካም የላቦራቶሪ አሠራር በተባለው ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት አልተከናወኑም ተብለው እንደ በቂ ማስረጃ ሳይቈጠሩ ቀሩ።

የዚህን ደንብ ታሪክ ማወቅ ነገሩን ለመመዘን ይረዳል። በ1970ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ የተወሰኑ የምርመራ ላቦራቶሪዎች፣ በተለይም ኢንዱስትሪያል ባዮ ቴስት የተባለው ድርጅት፣ ለኩባንያዎች የሚሠሯቸውን የመርዛማነት ጥናቶች ማጭበርበራቸው ተጋለጠ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ1978 ደንቡን ያወጣው በዚህ ምክንያት ነው። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅትም በ1981 ተመሳሳይ መርሖዎችን ተቀበለ። የአድዋው ሙከራ የተጠናቀቀው በ1974 ነው። የእንዶድ ቀደምት ማስረጃ የተመዘነው እርሱ ከተሰበሰበ በኋላ በወጣና በሌላ ሀገር ለተፈጸመ ጥፋት መልስ ሆኖ በተዘጋጀ ሚዛን ነበር ማለት ነው።

ይህ ሲባል ግን ደንቡ አላስፈላጊ ነበር ማለት አይደለም። እንዶድ ዓሣን ይገድላል፤ ዓይንን ያስቈጣል፤ በባህላዊ አጠቃቀሙም ፅንስ ለማስወረድ ይውል እንደነበር ተጠቅሷል። ብዙ ሕዝብ በሚጠቀምበት ውኃ ውስጥ የሚጨመርን ነገር ጥብቅ ፍተሻ ሳይደረግበት ማሠራጨት ተገቢ አይሆንም ነበር። ችግሩ ያለው የፍተሻውን ወጪ ማን ይሸፍናል የሚለው ላይ ነው። የኩባንያ ምርት ሲሆን ወጪውን ኩባንያው ይከፍላል፤ ከሽያጩም ያስመልሳል። ገበሬው በአጥሩ ላይ የሚያበቅለው፣ የማንም የፈጠራ መብት ያልሆነ ተክል ሲሆን ግን ከፋይ የለም። እንደ ደንቡ የሚፈትን ላቦራቶሪ በሀገር ውስጥ ስላልነበረም ኢትዮጵያ ማስረጃውን ራሷ ልታሟላው አልቻለችም።

ንጽጽር፦ የኮሌስትሮል መድኃኒት የመጀመሪያ ሙከራዎች

ከፋይ ያለው ግኝት በተመሳሳይ ጥርጣሬ ሲመታ ምን እንደሚሆን ለማየት በዚያው ዘመን የተገኘውን የደም ስብ መድኃኒት መመልከት ይቻላል። ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ በሳንክዮ ኩባንያ ውስጥ በሺህ የሚቈጠሩ የሻጋታ ዓይነቶችን ከመረመሩ በኋላ በ1973 ኮምፓክቲን የተባለውን ውሕድ ለዩ። ውሕዱ በጉበት ውስጥ ኮሌስትሮል የሚሠራበትን ዋና ኢንዛይም ያግዳል። በአይጦች ላይ ሲሞከር ግን ኮሌስትሮልን አልቀነሰም፤ ፕሮጀክቱም ሊቋረጥ ተቃርቦ ነበር። በእንቁላል ጣይ ዶሮዎች፣ ቀጥሎም በውሾች ላይ ሲሞከር ውጤቱ ታየ። በ1978 በኦሳካ ዩኒቨርሲቲ በዘር የሚተላለፍ ከባድ የኮሌስትሮል ሕመም ላለባቸው ሰዎች መሰጠት ተጀመረ። የመጀመሪያዋ ታካሚ የጡንቻ መድከም ስለገጠማት መጠኑ ተቀንሶ ሙከራው ቀጠለ።

በ1980 ኩባንያው ኮምፓክቲን በውሾች ላይ ዕጢ ሳያስከትል አልቀረም በሚል ጥርጣሬ ሙከራውን አቆመ። ሎቫስታቲን የተባለውን ተመሳሳይ ውሕድ በሰዎች ላይ መሞከር ጀምሮ የነበረው የአሜሪካው መርክ ኩባንያም በዚያው ዓመት ሥራውን አቋረጠ። ነገር ግን ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአሜሪካ ሐኪሞች ሌላ አማራጭ ለሌላቸው ጥቂት ከባድ ሕሙማን ሎቫስታቲንን እንዲሰጡ ተፈቀደላቸው፤ ውጤቱም አበረታች ሆነ። ኩባንያው በእንስሳት ላይ ረጅም የደኅንነት ጥናት አካሄደ፤ የተፈራው ዕጢም አልታየም። መድኃኒቱ በ1987 ተፈቀደ። ዛሬ ስታቲን በሚል የወል ስም የሚታወቁት እነዚህ መድኃኒቶች በዓለም ላይ በብዛት ከሚታዘዙት መካከል ናቸው።

ሁለቱ ታሪኮች በብዙ ነገር ይለያያሉ፤ አንዱ የሚዋጥ መድኃኒት፣ ሌላው ውኃ ውስጥ የሚጨመር ቀንድ አውጣ ገዳይ ነው። በአንድ ነገር ግን ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ከተፈጥሮ የተገኙ ናቸው፤ ሁለቱም በደኅንነት ጥርጣሬ ምክንያት ቆመዋል። በሎቫስታቲን ጊዜ ጥርጣሬው ለተጨማሪ ምርመራ መነሻ ሆነ፤ ላቦራቶሪው፣ ገንዘቡና ሐኪሙ ዝግጁ ነበሩና። በእንዶድ ጊዜ ጥርጣሬው ለብዙ ዓመታት ጥርጣሬ ሆኖ ቆየ።

ረጅሙ ክርክር

ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ አክሊሉ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ ለልማት በሚውል የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዘርፍ ሠሩ። ኋላም በጣልያን ፍሎረንስ የሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት ዕድገት ማዕከል ምክትል ዳይሬክተር ሆኑ። የሥራ ቦታቸው ቢለዋወጥም እንዶድን አልተዉትም። በ1983 በዛምቢያ መዲና በሉሳካ፣ በ1986 ደግሞ በስዋዚላንድ በምባባኔ በእንዶድ ላይ ዓለም አቀፍ የምክክር ጉባኤዎች እንዲካሄዱ ከደከሙት መካከል ነበሩ። የጉባኤዎቹ በአፍሪካ ምድር መካሄድ ያለ ዓላማ አልነበረም። በሽታው የአፍሪካ ችግር እንደሆነ ሁሉ መፍትሔውን የመመዘን ሥልጣንም የአፍሪካ ተመራማሪዎች ሊጋሩት ይገባል የሚለው አቋማቸው በተግባር የተገለጸበት ነው።

በመጨረሻ፣ በካናዳ ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ፣ የተጠየቀው የደኅንነት ፍተሻ በታወቀው ሥርዓት ተካሂዶ ውጤቱ በ1991 ታተመ። ዓይንን ማስቈጣቱና በውኃ ውስጥ እንስሳት ላይ ያለው ጉዳት ቢረጋገጥም የዘረመል ለውጥ የማስከተል ባሕርይ አልተገኘበትም። ዓሣን የመግደል ችግር በኒክሎሳማይድም ላይ ያለ ነው። የመጀመሪያው ሪፖርት ከታተመ 26 ዓመታት አልፈው ነበር።

በእነዚያ ዓመታት ግን ዓለም መንገዱን ቀይራለች። በ1970ዎቹ በባየርና በመርክ ዳርምሽታት ኩባንያዎች የበለጸገው ፕራዚኳንቴል በአንድ ቀን በአፍ የሚወሰድ፣ ደኅንነቱ የተሻለ የቢልሃርዚያ መድኃኒት ሆኖ ቀረበ። በ1980ዎቹ የዓለም ጤና ድርጅት ስልት ቀንድ አውጣን ከማጥፋት ይልቅ ሰውን ወደ ማከም አዘነበለ። ፕራዚኳንቴል የብዙዎችን ሥቃይ ማቃለሉ የማይካድ ነው። የታከመ ሕፃን ወደዚያው ወንዝ ሲመለስ እንደገና መያዙ ግን አልቀረም። በ2017 የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ቀንድ አውጣ ገዳይ ኬሚካሎች አጠቃቀም አዲስ የመስክ መመሪያ ማውጣቱ የአክሊሉ መነሻ ሐሳብ ጊዜው እንዳላለፈበት ያሳያል። በጥቅም ላይ ያለው ዋናው ኬሚካል ግን አሁንም ኒክሎሳማይድ ነው።

ሽልማትና የፈጠራ መብት

በ1989 አክሊሉ ለማና ለገሠ ወልደ ዮሐንስ አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። ሽልማቱ የተሰጣቸው ለቢልሃርዚያ መከላከያ የሚሆን፣ ደሃው ሕዝብ ዐቅሙ የሚፈቅደው ዘዴ ስላገኙና ለዚያም ያለ መታከት ስለተከራከሩ ነው። በዚያ አጋጣሚ አክሊሉ በአፍሪካ የሚደረግ ምርምር ከሌላው በተለየ ጥርጣሬ እንደሚታይ በይፋ አመለከቱ፤ የአፍሪካ ተመራማሪዎችም የራሳቸው የምርምር ተቋማት እንዲጠናከሩላቸው ጠየቁ።

ጥቂት ቆይቶ እንዶድ ባልተጠበቀ አቅጣጫ የዓለምን ትኩረት ሳበ። ዜብራ መስል የተባለ ባለ ዛጎል የውኃ እንስሳ በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ተራብቶ የውኃ መሳቢያ ቧንቧዎችን ይደፍን ነበር። በኦሃዮ በሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ አክሊሉ የተሳተፉበት ጥናት እንዶድ ይህንንም እንስሳ እንደሚገድል አሳየ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያም ዩኒቨርሲቲው በአሜሪካ የፈጠራ መብት አገኘበት። የአንድ የኢትዮጵያ ተክልና ለዘመናት የተጠራቀመ የሕዝብ ዕውቀት በሌላ ሀገር ተቋም ስም መመዝገቡ ብርቱ ክርክር አስነሥቷል። ኢትዮጵያ የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትን የሚመለከተውን አዋጅ ቁጥር 482 ያወጣችው በ1998 ዓ.ም. ነው። አዋጁ የሚጠይቀው ፈቃድና የጥቅም ተጋሪነት እንዶድ በተመዘገበበት ጊዜ በሀገሪቱ ሕግ ውስጥ አልነበረም።

አክሊሉ የመጨረሻ ዓመታቸውን በተማሩበት በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በማስተማርና በምርምር አሳለፉ። በ1997 በ61 ዓመታቸው ዐረፉ። የመሠረቱት ተቋም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት በሚል ስም ይጠራል።

ማጠቃለያ

የአክሊሉ ለማ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የተገፋ ሊቅ ታሪክ ሆኖ ነው። ይህ አነጋገር እውነትነት ቢኖረውም ለተመራማሪ የሚሰጠው ትምህርት ጥቂት ነው፤ ጥፋቱን ሙሉ በሙሉ በሌላ ወገን ላይ ስለሚያደርግ የእኛን የቤት ሥራ ይሸፍናል። ከላይ የቀረበው ትረካ የሚያመለክተው የግኝት ባለቤትነትና የማስረጃ ባለቤትነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። የእንዶድ ግኝት የኢትዮጵያ ነበር። የደኅንነት ማስረጃው የሚዘጋጅባቸው ላቦራቶሪዎች፣ የሚመዘንባቸው ደንቦችና የሚጠይቀው ገንዘብ ግን በሌሎች እጅ ነበሩ። በግኝቱና በማስረጃው መካከል ያለፈው ዘመን የአንድን ትውልድ ዕድሜ ያህል ነው።

ዛሬ ሁኔታው ሙሉ በሙሉ እንደ ቀድሞው አይደለም። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ክሊኒካዊ ሙከራ የሚፈቀድበትንና የሚመረመርበትን ሥርዓት ደንግጓል። የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩትና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የአፍሪካ የመድኃኒት ፈጠራና የሕክምና ሙከራ ማዕከል በዚህ መስክ ይሠራሉ። ነገር ግን ከእነዚህ በፊት የሚመጣው ደረጃ፣ በእንስሳት ላይ የሚደረገውና በዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት ተመዝግቦ በየትኛውም ሀገር ተቀባይነት የሚያገኘው የመርዛማነት ፍተሻ፣ ልዩ ትኩረት ይሻል። እንዶድ የቆመው በዚህ ደረጃ ላይ ነበር።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች ሊታሰቡ ይገባል። አንደኛ፣ በባህላዊ መድኃኒት ወይም በዕፅዋት ላይ የሚሠራ የድኅረ ምረቃ ጥናት ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ የናሙና አመዘጋገቡን፣ የመሣሪያ ልኬቱንና የመረጃ አያያዙን በመልካም የላቦራቶሪ አሠራር መሠረት ቢያደርግ፣ ወደፊት የሚመጣ መዛኝ ሥራውን ከሥር አይጥለውም። ሁለተኛ፣ ለብዙ ተቋማት የሚያገለግል አንድ በዓለም አቀፍ ደረጃ ዕውቅና ያለው የፍተሻ ላቦራቶሪ በየዩኒቨርሲቲው ከሚበታተኑ ትናንሽ ክፍሎች ይበልጥ ይጠቅማል፤ ፋብሪካና ዩኒቨርሲቲ የተጎራበቱበት የአቃቂ ቃሊቲ አካባቢ ለዚህ የተመቸ ነው። ሦስተኛ፣ የዕውቀቱ ምንጭ የሆነው ማኅበረሰብ መብት ሙከራው ከመጀመሩ በፊት በውል መታወቅ አለበት፤ ከተመዘገበ በኋላ የሚነሣ ክርክር ብዙም አይመልስም።

አክሊሉ በ1966 ኢንስቲትዩት ለማቋቋም የተነሡት አንድ ተክል ስላገኙ ብቻ አልነበረም፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጡ ግኝቶች ሁሉ በሀገራቸው የሚመዘኑበት ቦታ እንዲኖር ነበር። ያ ሥራ ከእሳቸው ዕድሜ የሚረዝም ሆኖ ተገኝቷል፤ የሚቀጥለውም ድርሻ አሁን በላቦራቶሪዎቻችን ውስጥ ባለው ትውልድ ላይ ወድቋል።